የአካላዊ እንቅስቃሴ ተመራማሪ መሆን ለምትፈልጉ

«ሰው እንዲንቀሳቀስ ማስተማር እፈልጋለሁ» ብለው ሦስተኛ ዲግሪ ሊማሩ የሚመጡ ወጣቶች አሉ። ሐሳባቸውን እወደዋለሁ። መጀመሪያ የምጠይቃቸው ግን ይህን ነው፦ ሰው መንቀሳቀሱን በምን ታውቃላችሁ? መለኪያውን ያልጨበጠ ሰው ጥሩ ዘመቻ ሊያዘጋጅ ይችል ይሆናል። ዘመቻው መሥራቱን ግን ማሳየት አይችልም።

ስለዚህ ከመለኪያ ጀምሩ። መጠይቅ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ እንቅስቃሴውን ከፍ አድርጎ ነው የሚናገረው። አክስሌሮሜትር የሚባለውን፣ የሰውነት እንቅስቃሴን የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ ለአንድ ሳምንት ወገባችሁ ላይ አስራችሁ ዋሉ። መቼ እንዳሰራችሁት፣ መቼ እንደፈታችሁት፣ ምን ስትሠሩ እንደነበር ጻፉ። ከዚያ ዳታውን ከማስታወሻችሁ ጋር አስተያዩት። ብስክሌት የነዳችሁበት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ የዋላችሁ ሊመስል ይችላል፤ ወገብ ላይ ያለ መሣሪያ ብስክሌትን በደንብ አይይዝም። ለመታጠብ ፈትታችሁ የረሳችሁትስ? ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ተኝታችሁ ነው ወይስ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ነበር? ብዙ ጥናቶች አንድን ቀን የሚቆጥሩት መሣሪያው ቢያንስ ለ10 ሰዓት ከታሰረ ነው። የእናንተ ጥናት ላይ ይህ ወሰን የትኞቹን ሰዎች እንደሚያስቀር ፈትሹ።

የድሮ ጥናቶችንም አንብቡ። እኔ የምጀምረው እ.ኤ.አ. በ1953 ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ ካወጡት ነው። የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችንና ቲኬት ቆራጮችን አነጻጸሩ። ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ቲኬት ቆራጮች ከሾፌሮቹ ያነሰ የልብ በሽታ ታየባቸው። አሪፍ ግኝት ነው። ይበልጥ የምወደው ግን ቀጥሎ ያደረጉትን ነው። በ1956 የደንብ ልብስ ልካቸውን ፈትሸው የሾፌሮቹ ወገብ ሰፋ ያለ መሆኑን አሳዩ፤ የወጣቶቹም ጭምር። ታዲያ ልዩነቱን ያመጣው ደረጃው ነው ወይስ ድሮውንም ይለያዩ ነበር? የራሳችሁን ውጤት እንዲህ ማፋጠጥ ልመዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2020 መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እንቅስቃሴው እንዲቆጠር ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መቆየት አለበት የሚለው የቀድሞው ቅድመ ሁኔታም ቀርቷል። ይህን መንገር ቀላል ነው። ሁለት ፈረቃ የምትሠራ፣ ልጆች የምታሳድግ፣ ሲመሽ በእግር መሄድ የምትፈራ ሴት ግን የጎደላት መረጃ አይደለም። ቃለ መጠይቅ ማድረግና በትዕግሥት ማዳመጥ ተማሩ፤ ይህን ከቁጥር አታገኙትም።

መግቢያው ብዙ ነው። ከሕብረተሰብ ጤና፣ ከስፖርት ሳይንስ፣ ከሳይኮሎጂም መምጣት ይቻላል። አማካሪ ስትመርጡ ግን ዝናውን ትታችሁ የቀድሞ ተማሪዎቹን ጠይቁ። ጽሑፋችሁን በስንት ጊዜ አንብቦ ይመልስ ነበር? የጸሐፊዎች ስም ቅደም ተከተል እንዴት ይወሰናል? ስታቲስቲክስ ላይ ጊዜ አትሰስቱ። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ይህን ሳታስቡ ከተነተናችሁ ውጤታችሁ ከእውነቱ በላይ አስተማማኝ ይመስላል። የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ሳታገኙም አንድ መጠይቅ አትበትኑ።

ፕሮግራማችሁ ለውጥ ካላመጣስ? ጻፉት። ስንት ሰው ጀመረ፣ ስንቱ አቋረጠ፣ አሠልጣኙ የትኛውን ክፍል ዘለለ፣ ሁሉንም። ሌላ ተመራማሪ ያንኑ ፕሮግራም ሌላ ትምህርት ቤት ወስዶ ከመድገሙ በፊት ሊያነበው ይገባል።