ሶሎ ሳትመቱ በጃዝ እንጀራ ለመብላት፦ የባንጆና የጊታር ሪትም ከዳኒ ባርከር መንገድ

ጊታር የጀመረ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው "ሶሎ እንዴት ነው የሚመታው?" ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን ባንድ መሪዎች ስልክ የሚደውሉት ለሌላ ዓይነት ሰው ነው። ቴምፖ የማይሰብር፣ ኮርዱን (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን) የሚያውቅ፣ ዘፋኙ ላይ የማይጮህ፣ በሰዓቱ የሚመጣ። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ አያጣም።

ማሳያ ከፈለጋችሁ አሜሪካዊውን የጃዝ ሙዚቀኛ ዳኒ ባርከርን ውሰዱ። በ1909 ኒው ኦርሊንስ ተወለደ፣ በ1994 እዚያው አረፈ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በመሃል ባንጆ መታ፣ ወደ ጊታር ዞረ፣ ከካብ ካሎዌይ ትልቅ ባንድ ጋር ሠራ፣ ከሳክስፎኒስቱ ከቻርሊ ፓርከር ጋር ስቱዲዮ ገባ፣ እንደገና ባንጆውን አነሳ፣ በመጨረሻም የልጆች ባንድ አቋቋመ። ይህን ሁሉ ያደረገው በዋናነት ሪትም እየመታ ነው። እኔ ከሱ ሕይወት የምቀዳው ሙያ ይሄ ነው፤ ሌላው የሚቆምበትን መሬት መደልደል።

መጀመሪያ ጊታሩን አስቀምጡትና ከበሮ አዳምጡ። ዳኒም በጊታር አልጀመረም። ክላርኔት ከባርኒ ቢጋርድ ተማረ፣ ከበሮ ከአጎቱ ከፖል ባርባሪን፣ ከዚያ ዩኩሌሌ፣ ከዚያ ነው ባንጆ የመጣው። አያቱ ኢሲዶር ባርባሪንም የማርሽ ባንድ ነፋሽ ነበሩ። እኛ ሁላችን እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አልተወለድንም፣ ግን ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ስልካችን ላይ አለ። ሙዚቃው አራት አራት እየተባለ ነው የሚቆጠረው። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉትና እያንዳንዱን ድምፅ 2 እና 4 ብላችሁ ቁጠሩት። 1 እና 3ን እናንተ ናችሁ የምትሞሉት። አሁን 120 ላይ እየሄዳችሁ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ጭንቅላታችሁ ይገለብጠውና ድምፁን 1 እና 3 ያደርገዋል፤ ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል፣ አቁሙና እንደገና ግቡ። ይሄ ሳይያዝ ወደ ኮርድ የሚሮጥ ሰው በኋላ ከድራመሩ ጋር መጨቃጨቁ አይቀርም።

ባንጆ ወይስ ጊታር? ባንጆ በድሮ ጃዝ ውስጥ የገባው ለጌጥ አይደለም፣ ስለሚሰማ ነው። እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሸክላ የሚቀዳው ያለ ማይክራፎን፣ ሙዚቀኞቹ ትልቅ ቀንድ መሳይ ነገር ፊት ተሰብስበው ነበር። ጊታር እዚያ መሃል ይጠፋል። ባንጆ ግን ክሩ የተወጠረው ቆዳ ላይ ስለሆነ ሹል ሆኖ ይወጣል፣ ዳንስ ቤትም ውስጥ ከትራምፔት ጎን አይሰምጥም። ባንጆ መቺው ጆኒ ሴንት ሲር ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር ከ1925 ጀምሮ የቀዳቸውን ስሙ፤ ባንጆው ባይኖር ድራም የሌለበት ያ ባንድ ምን ላይ ይቆም ነበር?

የምትገዙ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። አምስት ክር ያለው፣ አንዷ ክር አጠር ብላ ከአንገቱ መሃል የምትነሳበት ባንጆ በብዛት ለሌላ ሙዚቃ ነው የሚያገለግለው። ለድሮ ጃዝ የሚሆነው ባለ አራት ክሩ ቴነር ነው፣ ቅኝቱም ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ። ጊታር የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ባለ ስድስት ክር ባንጆ አለላችሁ፣ ቅኝቱ እንደ ጊታር ስለሆነ ጣታችሁ አዲስ ነገር አይማርም። ሴንት ሲርም የተጠቀመው ባለ ስድስቱን ነው። ቆዳው እውነተኛ ቆዳ ከሆነ እርጥበት ሲነካው እንደ ከበሮ ይላላል፣ ፕላስቲኩ ይሻላል። ባንጆ ጨርሶ ካላገኛችሁ አትጨነቁ፣ ቀጥሎ ያለው ሁሉ በተራ ጊታር ይሠራል።

አሁን ወደ ሥራው። ስድስቱንም ክር የሚይዝ ትልቅ ኮርድ እርሱት። ሦስት ድምፅ ይበቃል። ከቀጭኑ ክር ስንቆጥር ወፍራሙ 6ኛ ነው። ለሶል ሰባት (G7) 6ኛውን ክር 3ኛ ፍሬት (ፍሬት በአንገቱ ላይ የተጋደመው ብረት ነው)፣ 4ኛውን 3ኛ ፍሬት፣ 3ኛውን 4ኛ ፍሬት ያዙ። 5ኛውን ክር 6ኛው ላይ ባለው ጣት ጎን ነካ አድርጉና ዝም አሰኙት፣ ሁለቱ ቀጫጭኖችም አይመቱ። ለዶ ሰባት (C7) 5ኛውን ክር 3ኛ፣ 4ኛውን 2ኛ፣ 3ኛውን 3ኛ ፍሬት። አያችሁ? መሃል ያሉት ሁለት ድምፆች አንድ አንድ ፍሬት ብቻ ነው የወረዱት። ይህን ሁለተኛ ቅርጽ ሁለት ፍሬት ወደ ላይ ስትገፉት ሬ ሰባት (D7) ይሆናል። በቃ፣ ብሉዝ በእጃችሁ ገባ፦ አራት ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) ሶል፣ ሁለት ዶ፣ ሁለት ሶል፣ አንድ ሬ፣ አንድ ዶ፣ ሁለት ሶል። አሥራ ሁለት ባር።

ግን በሶል ብቻ አትቅሩ። ጊታሪስት ሚ እና ላ ይመቸዋል፣ ትራምፔትና ሳክስፎን የሚነፋው ሰው ግን ሲ ቤሞል፣ ሚ ቤሞል፣ ፋ ነው የሚልህ። ያንኑ ቅርጽ በሙሉ ሦስት ፍሬት ወደ ላይ ብትወስዱት ብሉዙ በሲ ቤሞል ሆነ። ነፋሾች የሚወዷቸውን ቶኖች የሚያውቅ ጊታሪስት ከማያውቀው ይልቅ ይጠራል፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ቀኝ እጅ፦ በባር አራት ምት፣ ሁሉም ወደ ታች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። 2 እና 4 ጥቂት ይጎላሉ። ምስጢሩ ግን ያለው ግራ እጅ ላይ ነው። ከመታችሁ በኋላ ጣቶቻችሁን ከክሩ ሳታነሱ ጫናውን ልቀቁት፣ ድምፁ ይቆረጣል። ስንት እንደሚረዝም የምትወስነው ያች ግራ እጅ ናት፤ ረጅም ካደረጋችሁት ባንዱ ይጎተታል፣ በጣም ካሳጠራችሁት ደግሞ የሚያቅለሸልሽ ይሆናል። ባንጆ ላይ ነገሩ ይቀልላል፣ ድምፁ ራሱ ቶሎ ይሞታል፤ በዚህም ምክንያት በረጅም ኖታ ላይ ፒኩን (ክር መምቻውን) አፍጥኖ ማንቀጥቀጥ የተለመደ ነው። ፒያኖ ካለ ከሱ ጋር አትሻሙ፣ እናንተ መሃል ላይ ቆዩ።

ቀጥሎ የሚመጣው ገበያው ሲቀየር አብሮ መቀየር ነው። ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ማይክራፎን መጣ፣ ቱባው (ትልቁ የሚነፋ ቤዝ) ቦታውን ለኮንትራባስ ለቀቀ፣ ጊታሪስቱ ኤዲ ላንግም ጊታር ምን እንደሚችል አሳየ። ዳኒ በ1930 ኒውዮርክ ሲገባ ባንጆ ፋሽኑ እያለፈበት ነበር፣ ስለዚህ ጊታር ያዘ። አላለቀሰም፣ ሥራው ያው አራት ምት ነው። በ1939 ካብ ካሎዌይ ጋ ገብቶ እስከ 1946 ቆየ። ትራምፔት ነፋሹ ዲዚ ጊለስፒና ቤዝ መቺው ሚልት ሂንተን እዚያው ባንድ ውስጥ ነበሩ። በ1945 ከፓርከርና ከዴክስተር ጎርደን ጋር አዲሱን ሙዚቃ ቀዳ፤ በ1947 ደግሞ የድሮው የኒው ኦርሊንስ ሙዚቃ ተፈላጊ ሲሆን በሬዲዮ ከዚያ ዘመን ሰዎች ጋር ይጫወት ነበር። ያው ሰው ነው እንግዲህ። አንዱን ስታይል ይዞ ሌላውን የሚንቅ ሙዚቀኛ ግማሽ ስልክ ቁጥሩን እንደሰረዘ ይቁጠረው።

ስለ ገንዘብ ግልጽ እንሁን። ፍሬዲ ግሪን በካውንት ቤሲ ባንድ ከ1937 እስከ 1987፣ እስኪሞት ድረስ፣ ሪትም ብቻ እየመታ ኖረ። እንዲህ ያለ ወንበር ግን ለሁሉም አይደርስም። ሴንት ሲር ያን የሚያህል ስም ይዞ ለረጅም ጊዜ በግድግዳ ልስን ሥራ ነው የኖረው፤ ነውር አላደረገውም። ስለዚህ የቀን ሥራችሁን በችኮላ አትልቀቁ።

ዘፈን ከጻፋችሁ ደግሞ ስማችሁን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ዳኒ የሚስቱ የብሉ ሉ ባርከር አጃቢና ደራሲም ነበር። በ1938 የቀዳችው አንድ ብሉዝ በ1973 በማሪያ ማልዳር ድምፅ እንደገና ወጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቆይቶ! መድረክ ላይ የመታችሁት አራት ምት ሲያልቅ ያልቃል፣ የተመዘገበ ዘፈን ግን ሳታስቡት ይመጣል። አምስት ሰው ሆናችሁ ከሠራችሁት ድርሻውን በዚያኑ ቀን ተነጋገሩ፣ በኋላ ወዳጅነት ይበላሻል።

ማስተማርንም እንደ ጡረታ አትዩት። ዳኒ በ1965 ወደ ከተማው ተመልሶ የጃዝ ሙዚየም ውስጥ ሠራ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በፌርቪው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የልጆች ማርሽ ባንድ አቋቋመ። በኋላ ስማቸው የታወቀ ሙዚቀኞች፣ ሌሮይ ጆንስ፣ ኸርሊን ራይሊ፣ ዊንተን ማርሳሊስ በዚያ በኩል አልፈዋል። ተማሪ ካላችሁ ለብቻው ስኬል እያስወጣችሁ አታሰልቹት። ሦስት ሆነው አንድ ብሉዝ ይጫወቱ፣ ቢንሻፈፍም ይንሻፈፍ፣ መስማማትን ለብቻ መማር አይቻልም።

ለልምምድ የካሎዌይን የ1939–46 ቅጂዎች ፈልጉ። በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፣ ነፋሾቹ ትንፋሽ የሚወስዱባትን ቦታ ጠብቁ፣ ከቤዙ ጋር ተጣብቆ የሚሄድ ቀጭን "ቸክ ቸክ" ትሰማላችሁ። እሱ ነው ዳኒ። አብራችሁት ምቱ፣ በስልካችሁ ቅዱት፣ ከዚያ መልሳችሁ ስሙ። ከሙዚቃው ይልቅ የእናንተ ጊታር ቀድሞ ጆሮ ከገባ በቀስታ ምቱና ድገሙት።