ያረጀ የከተማ ዞን ደንብ እንዴት ይታደሳል?

የዞን ደንብ በየትኛው የከተማ ክፍል ምን እንደሚሠራ፣ ሕንፃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ከወሰን ምን ያህል እንደሚርቅና ስንት የመኪና ማቆሚያ እንደሚያስፈልገው የሚወስን ሕግ ነው። ደንቡን ለማደስ የሚነሡ ብዙዎች ሥራውን የሚጀምሩት አዲስ ካርታ በማስነደፍ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉ አስቀድሞ ነባሩን ደንብ ቆሞ ከሚታየው ከተማ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ለዚህም የይዞታ መዝገቡንና የሕንፃ መረጃውን አቀናጅቶ እያንዳንዱን ቦታ በየአንቀጹ መፈተን ይገባል። የቦታው ስፋት፣ የወለሉ ስፋት ከቦታው ጋር ያለው ጥምርታ፣ ከፍታው፣ ከወሰን ያለው ርቀትና የማቆሚያው ብዛት ለየብቻ ይመዘገባሉ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ሕንፃ ዛሬ ቢፈርስ በሥራ ላይ ባለው ደንብ እንደ ነበረ ሊሠራ ይችላል ወይ? በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የምትገኘው የሶመርቪል ከተማ ባለሙያዎች ይህን ሲፈትሹ፣ 80,000 ያህል ሕዝብ በሚኖርባት ከተማ ደንቡን በሙሉ የሚያሟሉት የመኖሪያ ቦታዎች 22 ብቻ ሆነው አገኟቸው። ከተማዋ አዲሱን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ አጽድቃለች። እንዲህ ያለው ቁጥር ምክር ቤት ፊት ሲቀርብ ረጅም ማብራሪያን ያስቀራል፤ ለአርቃቂው ግን ይበልጥ የሚጠቅመው በየአንቀጹ ሲተነተን ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ከተማ ከደንብ ውጪ የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት አንቀጾች ብቻ ሆነው ይገኛሉ።

ቀጥሎ ያለፉት አምስት ወይም አሥር ዓመታት የልዩ ፈቃድ፣ ማለትም ከደንቡ ወጣ ብሎ ለመሥራት የሚጠየቅ ፈቃድ፣ ማመልከቻዎች ይመርመሩ። አንድ ዓይነት ጥያቄ በተደጋጋሚ ቀርቦ በተደጋጋሚ ከተፈቀደ፣ ያ ልዩ ፈቃድ በተግባር ደንብ ሆኗልና በደንቡ ውስጥ ቢጻፍ ባለጉዳዩንም መሥሪያ ቤቱንም ከድካም ያድናል።

ለመሻሻል ቅድሚያ ከሚሹት አንዱ የማቆሚያ ግዴታ ነው፤ የኒው ዮርክ ግዛቷ ቡፋሎ እ.ኤ.አ. በ2017 አነስተኛውን የማቆሚያ ቁጥር ግዴታ በመላ ከተማዋ አንሥታለች። አንድ ቦታ ከዚህ ማነስ የለበትም የሚለው የስፋት ገደብም እንዲሁ ነው። የቴክሳስ ግዛቷ ሂዩስተን እ.ኤ.አ. በ1998 በመሀል ከተማው ክፍል ከ5,000 ካሬ ጫማ ወደ 1,400፣ ማለትም ከ465 ወደ 130 ካሬ ሜትር ገደማ ዝቅ እንዲል በመፍቀዷ በአንድ ቦታ ላይ ሁለትና ሦስት ቤቶች መሥራት ተችሏል። የአገልግሎት ክፍፍልን በተመለከተ የጃፓን አሠራር ሊጤን ይገባዋል፤ በአገር አቀፍ ሕግ የተወሰኑት ዞኖች 13 ብቻ ሲሆኑ፣ እጅግ ጥብቅ በሆነው የመኖሪያ ዞን እንኳ ከቤት ጋር የተያያዘ አነስተኛ ሱቅ ይፈቀዳል። የዞን ዓይነት በበዛ ቁጥር ከተማው በደንብ የተያዘ ይመስላል እንጂ፣ አብዛኞቹ ዞኖች በአንድ ወቅት ለአንድ ሰው ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተፈጠሩ ናቸው።

ረቂቁ እንደ ተጠናቀቀ ወደ ውይይት ከመውጣቱ በፊት በእውነተኛ ቦታዎች ላይ ይፈተን። ጠባብ፣ ማዕዘን ላይ ያለ፣ ተዳፋትና ቅርጹ የተጣመመ ይዞታ ተመርጦ አርክቴክቶች በረቂቁ መሠረት ሕንፃ ይንደፉበት፤ አምስት ፎቅ የሚፈቅድ አንቀጽ ከወሰን ርቀቱ ጋር ሲደመር ለደረጃ እንኳ የሚበቃ ወለል እንደማያስተርፍ የሚታወቀው በወረቀት ሲነደፍ ነው። አንዱን አንቀጽም ሁለት የፈቃድ ሠራተኞች ለየብቻ አንብበው የተለያየ መልስ ከሰጡ አንቀጹ እንደገና ይጻፍ።

በሕዝብ ውይይቱ ከባለይዞታዎች ጋር ተከራዮችም እንዲገኙ ሰዓቱና ቦታው ይታሰብበት፤ በጥምርታ ቁጥር ፈንታም ሥዕል ይቅረብ። የሕግ ሥርዓቱን ማሟላትም ችላ አይባልም። የሚኒሶታ ግዛቷ ሚኒያፖሊስ በአንድ ቦታ እስከ ሦስት መኖሪያ የሚፈቅደውን ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2018 ብታጸድቅም፣ በአካባቢ ጥበቃ ሕግ ተከስሳ ለዓመታት በፍርድ ቤት ተጓትታለች።

በመጨረሻ የሚጻፉት የሽግግር ድንጋጌዎች ናቸው። ደንቡ ከመጽናቱ በፊት የቀረበ ማመልከቻ በየትኛው ደንብ እንደሚታይ፣ ነባር ሕንፃ ሲጠገን ወይም ሲስፋፋ ምን እንደሚጠየቅ፣ ደንቡም በስንት ዓመት ዳግመኛ ከከተማው ጋር እንደሚመሳከር በግልጽ ይወሰን።