ምድጃው ለምን ይጨሳል? ከከሰል መታፈን እስከ ጭስ ማውጫ

ዓይን የሚያስለቅስ ምድጃ ችግሩን ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ከማይናገረው ልጀምር።

ጭስ አይታይም፤ ግን ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል

ቡና ለማፍላት ወይም ቤት ለማሞቅ ከሰል ተቀጣጥሎ በር ከተዘጋ፣ ምክንያቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ብዙ ቤት «ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል፣ አሁን ይግባ» ይባላል። ያለቀው የሚታየው ጭስ ብቻ ነው። ፍሙ አመድ ለብሶም ጋዙን ይለቃል።

ሕመሙ ቤት ያሉትን ሁሉ አንድ ላይ ከያዘና ውጭ ሲወጡ ከቀለለ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ። ራሱን የሳተ ወይም ግራ የተጋባ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ በፍጥነት ሐኪም ቤት ውሰዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ወተት ማጠጣትም ሎሚ ማሽተትም ጋዙን ከደም አያወጣም፤ መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ወተቱ ትንታ ሆኖ ሊገድለው ይችላል። ለሐኪሙ «ከሰል ነበር» ብላችሁ ንገሩ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይህን መመረዝ ስለማይለይ ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል።

ከሰል ሰው በሚተኛበት ክፍል አይደር። መስኮት ገርበብ አድርጎ መተኛትም ዋስትና አይሆንም። ሐምሌ ቢበርድ ብርድ ልብስ ይጨመር፤ በዚህ ነገር ላይ ድርድር የለኝም።

እሳት ሲለኮስ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል

ሰው ቶሎ የሚወቅሰው የጭስ ማውጫ ቧንቧውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን የጠፋው አየር መግቢያ ነው፤ በቧንቧው የሚወጣውን ያህል አየር በሌላ በኩል ካልገባ ጭሱ አይወጣም። ይህን በጧፍ ማየት ይቻላል። ምድጃው ሳይቀጣጠል በሩን ዝጉና ጧፍ ለኩሳችሁ ምድጃው አፍ ላይ ያዙ። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም ወደ እናንተ ካዘነበለ በሩን ክፈቱና እንደገና እዩ። ያን ጊዜ ከተሳበ ማድቤቱ አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ግድግዳው ግርጌ ላይ ቀዳዳ አውጡና አይጥ እንዳይገባ በሽቦ ወንፊት ሸፍኑት። የእናቴን ማድቤት ቧንቧ ስንቀያይር ከርመን፣ በመጨረሻ የፈታው አንድ ብሎኬት የምታህል ቀዳዳ ነች።

በሩ ተከፍቶም ካልተሳበ ቧንቧው ቀዝቅዟል ወይም ተደፍኗል። ለቀዘቀዘው መጀመሪያ አንድ እፍኝ ደረቅ ጭራሮ ማንደድ ይበቃዋል፤ የሞቀው አየር ሲወጣ ጭሱን ይስባል።

ጭሱ በምጣዱ ዙሪያ ያፈሳል

«ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ክፍሎቹ የተገጣጠሙ ናቸውና መጋጠሚያው ሲሰነጠቅ በጭድ በተቦካ ጭቃ ምረጉት። ምጣዱ ሥር ጨርቅ አትጠቅጥቁ፤ ይቃጠላል። ቧንቧ የሌለው ዓይነት ጭሱን ከኋላ ባለው የድስት መቀመጫ በኩል እዚያው ማድቤት ውስጥ ነው የሚለቀው። እንጨት ይቆጥባል፤ ጭሱን ከቤት ለማስወጣት ግን ጣሪያ ላይ መውጫ ያስፈልገዋል።

እንጨቱንም ፈትሹ። ሁለት ፍልጥ ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጡ እርጥብ ናቸው።

ነፋስ ሲነሳ ብቻ ይጨሳል

ቧንቧው አጥሯል። ጣሪያውን ከበሳበት ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ነገር ሁሉም በ60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ጫፉ ላይ የላሜራ ቆብ አስበይዱለት።

ኮርኒሱ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል

እሳቱን አሁኑኑ አጥፉ። ነጠላ የብረት ቧንቧ ከእንጨት፣ ከቺፕውድና ከማዳበሪያ ኮርኒስ ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ኮርኒሱን በዙሪያው ቆርጣችሁ ክፍት ተዉት፤ ማገርም ካለ እንዲሁ። ምድጃው ራሱ ከሚቃጠል ነገር 90 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። እሳት ከተነሳ አዲስ አበባ ላይ 939 ይደወላል።

አምና ደህና ነበር፣ ዘንድሮ ይጨሳል

ጥቀርሻ ነው። በተለይ የቧንቧው ክርን (መታጠፊያው) ላይ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ሲሠራ ከሁለት ክርን አትብለጡ። ቧንቧው ሲቀዘቅዝ ሽቦ ብሩሽ በገመድ አስራችሁ ከላይ እስከ ታች ጥረጉ። ውስጡ እንደ ቅጥራን ካብለጨለጨ እርጥብ እንጨት ስታነዱ ነበር፤ እሱ ደግሞ እዚያው ቧንቧው ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል። የጠረጋችሁትንና የምድጃውን አመድ በማዳበሪያ ሳይሆን ክዳን ባለው ጣሳ ውጭ አስቀምጡ፤ አመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም ከአንድ ቀን በላይ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል።