ከሰፈራችሁ የምትሳሱለትን ለይታችሁ ለመጻፍ

ቀያሽ ካስማ ተክሎ ከሄደ በኋላ «እዚህ እኮ ታቦት የሚያድርበት ሜዳ ነው» ማለት ረፍዷል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ደግሞ ፋታ የላቸውም። ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ኮዬ ፈጬ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ትናንት ጤፍ የተዘራበት ማሳ ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲወያይበት ይጠይቃል። ወደዚያ ውይይት ባዶ እጁን የሄደ ስለ ውሃና ስለ መብራት አማርሮ ይመለሳል። ሰፈሩ የሚሳሳላቸው ነገሮች የተጻፉበት አንድ ገጽ ይዞ የሄደ ግን «እነዚህን አትንኩብን» ማለት ይችላል። ያን ገጽ ማዘጋጀት፣ ሳይጣደፉ ከሠሩት፣ ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል።

ከ7 እስከ 9 ሰው ያለው አስተባባሪ ቡድን ይበቃል፦ የእድር ጸሐፊ፣ ከኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አንድ ሰው፣ መሬቱን ገና የሚያርስ ገበሬ፣ ተከራይ፣ ወጣት፣ በመካከላቸውም ቢያንስ ሦስት ሴቶች። ቤት የሌለው ሐሳብም የሌለው ይመስል ተከራይ ሁልጊዜ ይረሳል። ቡድኑ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ባይሰበሰብ ይሻላል፤ ሹም ባለበት የሚነገረውና ቡና ላይ የሚነገረው አንድ አይደለም። አበልም አይታሰብ፤ አንዴ ከተከፈለ በሚቀጥለው ያለ አበል የሚመጣ አይገኝም።

ሰዉን አዳራሽ ከመጥራት ሰዉ ወዳለበት መሄድ ይቀላል። በእድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ 30 ደቂቃ ለምኑ፤ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ፣ ምክንያቱም ወርኃዊውን የከፈለ ሁሉ ወዲያው ይበተናል። ሴቶችን ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ፣ የባጃጅ ሾፌሮችን ተራ ሲጠብቁ፣ ወጣቶችን ከኳስ በኋላ ሜዳው ላይ አግኟቸው። አርብ የጁምዓን ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ የቅዳሴንና የአምልኮን ሰዓት አትንኩ። በእድር ስብሰባም ቢሆን በቡድን ከፍላችሁ እንጂ በአንድ ጊዜ ከ8 ሰው በላይ አታወያዩ፤ 15 ሲሆኑ ሦስቱ ያወራሉ፣ የቀሩት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንዲህ ያሉ 10 ያህል ውይይቶች ለአንድ ሰፈር ይበቃሉ። ስም አትመዝግቡ። ወረቀት ላይ ስም ሲሰፍር ሰው ግብር ወይም የሚፈርስ ቤት ዝርዝር ይመስለዋል፤ ዕድሜ፣ ጾታና የብሎክ ወይም የመንደር ስም ብቻ ይያዝ። ጸሐፊው አማርኛም ኦሮምኛም የሚጽፍ ይሁን፤ ሰው ሐሳቡን የሚያቀናው በአፍ መፍቻው ነው።

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው በጥያቄው ነው። «ስለ ሰፈራችሁ ምን ትወዳላችሁ?» ብትሉ «ሰላም፣ ፍቅር፣ አንድነት» ተብሎ ይመለስላችኋል። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ግን ለየትኛውም ከተማ ይሆናል፤ ስለዚህ ለእናንተ አይሠራም። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ ከሩቅ የመጣ ዘመድ የት ወስዳችሁ ታሳያላችሁ? ከዚህ ብትለቁ ምን ይናፍቃችኋል? ነገ ጠዋት ብታጡት ኑሯችሁን የሚያናጋው የትኛው ቦታ ወይም ልማድ ነው? ለሁሉም መልስ «የት? መቼ? ማን?» ብላችሁ ተከታተሉ። «ነፋሻ አየር» ያለ ሰው ሦስት ጊዜ ሲጠየቅ፣ ጠዋት ከደጃፉ የወጨጫን ወይም የየረርን ተራራ ማየቱን እንደሚወድ ይነግራችኋል። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ፊት ለፊት ሲቆም የሚጠፋው እሱ ነው።

ቅሬታ መምጣቱ አይቀርም። አትከልክሉት፤ ለብቻው ወረቀት ላይ ጻፉትና ገልብጡት፦ «መንገዱ ጭቃ ነው» የሚለው ሰው ያ መንገድ የት ስለሚያደርሰው ነው የሚናደደው? ወደ ጉልት ገበያ ከሆነ የሚሳሳለት ገበያውን ነው። የካሳና የይዞታ ካርታ ጉዳይ ግን አይገለበጥም። እሱ ከተነሳ ስብሰባው በዚያው ያልቃል፣ ስለዚህ ሌላ ቀን እንደሚያዝለት ተናግራችሁ እለፉ። ቀኑንም እውነት ያዙለት።

ከቃል ውይይቱ ጎን ለጎን ካርታ ይሠራ። የሰፈሩን የሳተላይት ምስል ኅትመት ቤት ወስዳችሁ በትልቁ አሳትሙ፤ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ይበቃል። ምስሉ የቆየ ሊሆን ስለሚችል አዲሶቹን ብሎኮች በእጅ ሙሉበት። ካርታ ማንበብ ላልለመደ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ወፍጮ ቤቱንና የታክሲ ማዞሪያውን አመልክቱለት፤ ከእነሱ ተነስቶ የራሱን ቤት ያገኛል። ከዚያ የሚሳሳለትን በአረንጓዴ፣ የሚሰጋለትን በቀይ እስክሪብቶ ያክብብ። አንድ ቦታ ሁለቱም ቀለም ከበዛበት መነሻችሁ እሱ ነው። ካርታውን ይዛችሁ በእግር ዙሩ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ይመቻል፣ በክረምት ጭቃው ሽማግሌዎቹን ያስቀራቸዋል።

የተሰበሰበውን እያንዳንዱን ሐሳብ በግማሽ ወረቀት ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጉ፤ ለየመደቡ ስም የሚሰጠው ግን ከተደረደረ በኋላ ነው። ስሙ ከቀደመ ሰው ሐሳቡን በግድ ያስገባበታል። ቅደም ተከተሉን በእጅ ማውጣት አታስወስኑ፦ የእድሩ ዳኛ እጁን ሲያነሳ ሌላውም ያነሳል። ለእያንዳንዱ ሰው 3 ሽምብራ ስጡት፤ በየመደቡ ፊት ወደ ውስጥ የማያሳይ ጣሳ አስቀምጡ፤ እንደ ፈለገ ይክተት። በመጨረሻ ከ5 እስከ 7 ጣሳ ይለያል። ጥቂት ሽምብራ የገባበትን ከመጣላችሁ በፊት ሐሳቡን ያነሱት እነማን እንደሆኑ እዩ። የእንስሳት ማጠጫው ወንዝ ሦስት ገበሬ ብቻ ሊመርጠው ይችላል፤ ለሦስቱ ግን ኑሯቸው ነው።

አሁን ዐረፍተ ነገሩ ይጻፍ፤ ጊዜ የሚበላውም ይኸው ነው። ቦታው፣ እዚያ የሚደረገውና የሚያደርገው ሰው ይግባበት። «ማኅበራዊ ሕይወታችን ጠንካራ ነው» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅም። «ለቅሶ ሲደርስ የእድሩ ሁለት ድንኳን ጎን ለጎን የሚተከልበት፣ ለቀስተኛም የሚቆምበት ክፍት ቦታ ከየብሎኩ በእግር 5 ደቂቃ ውስጥ ይኑር» ቢባል ግን መሐንዲሱም ይገባዋል። ፈተናው አንድ ነው፦ ይህን ይዛችሁ እምቢ የምትሉት ነገር አለ? ከሌለ ዐረፍተ ነገሩ ባዶ ነው። በድንኳኑ ቦታ ላይ መኪና ማቆሚያ ሊሠራ ቢመጣ እምቢ ትላላችሁ፣ ወይም ትደራደራላችሁ፦ ኮብልስቶን ከተነጠፈ ካስማ ስለማይገባ፣ የብረት ቀለበት አስቀድሞ ይቀበርልን ብላችሁ።

የማይታረቅም ይመጣል። የባሕር ዛፉን አንዱ ማገዶና ገቢ ይለዋል፣ ሌላው ምንጭ አደረቀ ብሎ በጽድና በወይራ እንዲተካ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ድምፅ አታስቆጥሩ፤ ሁለቱንም ጻፉና የትኛው ዛፍ የት እንደሚሆን በካርታው ላይ ለዩ። ብዙ ጊዜ ጠቡ ከቦታው እንጂ ከዛፉ አይደለም። «ነባር» እና «መጤ» የሚለው ክርክር ሲነሳ ግን ሰብሳቢው ወደ ቦታው ይመልሰው፤ ማን ቀድሞ መጣ የሚለው በዚህ ስብሰባ አይፈታም።

ረቂቁን ወደየእድሩና ወደየቡና ወዳጁ መልሳችሁ አንብቡ። «እኔ ያልኩት የታለ?» የሚል ሰው ካለ በአንዱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አሳዩት፤ ማሳየት ካቃታችሁ ረቂቁ ይታረም። ከዚያ በደብዳቤ ለወረዳው አስገቡ። በሸገር ሥር ከሆናችሁ የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ስለሆነ ደብዳቤው በኦሮምኛ ይሁን። በቀሪው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም ሳታስመቱ አትውጡ። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ የእድሩ ጸሐፊ ይያዘው፣ ፎቶው በየቴሌግራም ቡድኑ ይለጠፍ፤ አዳዲስ ብሎኮች ሰው ሲገባባቸው ደግሞ ሽምብራውን እንደገና አውጡ።