ስልካችሁ ጫፍ ላይ የምትበራዋን ነጥብ ልብ በሏት

ስልክ እያወራችሁ ወይም ድምፅ እየቀዳችሁ ሳይሆን ከስክሪኑ ጫፍ ነጥብ ከበራች ዝም ብላችሁ አትለፏት። አይፎን ላይ ብርቱካናማ፣ ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ባሉት ላይ ደግሞ አረንጓዴ ናት። ማይክሮፎኑ ክፍት ነው ማለት ነው (አረንጓዴዋ ለካሜራም ትበራለች)። ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች ሳቡትና ማይክሮፎኑን የከፈተው የትኛው አፕ እንደሆነ ስሙን እዩ። ከዚያ ሴቲንግ ገብታችሁ ፈቃዱን ንጠቁት። ለመሆኑ የባትሪ መብራት አፕ ማይክሮፎን ምን ያደርግለታል? እንዲህ ያለውን እኔ ፈቃዱን ከመንጠቅም አልፌ አጠፋዋለሁ።

ስልካችሁን ሌላ ሰው ነክቶት ከነበረ ግን ነጥቧን አትጠብቁ። ብዙ አንድሮይዶች ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ዳሽቦርድ የሚባል አላቸው፤ ባለፉት 24 ሰዓታት የትኛው አፕ ስንት ሰዓት ላይ ማይክሮፎን እንደከፈተ ያሳያል። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ክፈቱት።