የተሳቢ መብራት መስመር መኪና ላይ እንዴት ይዘረጋል?

አሜሪካ ውስጥ ለዕቃ ማመላለሻ ትንሽ ተሳቢ የሚገዙ ወይም የሚከራዩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ተሳቢው ከተቀጠለ በኋላ የመኪናችሁ የኋላ መብራት ይጋረዳል። ከኋላ ያለው ሹፌር ፍሬን መያዛችሁን የሚያውቀው በተሳቢው መብራት ብቻ ነው።

ለቀላል ተሳቢ የሚያገለግለው ጠፍጣፋው ባለ 4 ሽቦ ሶኬት ነው። ነጩ ማሳ ነው፤ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መስመር። ቡናማው የኋላ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻና ፍሬን ነው። የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ከባድ ተሳቢ ግን ባለ 7 ሶኬትና የፍሬን መቆጣጠሪያ ይፈልጋል።

ብዙ የጃፓን መኪኖች ለፍሬቻና ለፍሬን የተለያየ አምፖል አላቸው። ተሳቢው ሁለቱን በአንድ አምፖል ስለሚያሳይ መሃል ላይ መቀየሪያ ሳጥን ይገባል። ለመኪናችሁ ሞዴል የተሠራውን ግዙ። ከኋላ መብራቱ ሶኬት ጋር ይሰካል እንጂ ሽቦ አያስቆርጥም። ጥቂት ዶላር ለመቆጠብ ብላችሁ የፋብሪካውን ሽቦ አትቁረጡ።

1. የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል።

2. የኋላ መብራቶቹን አውጥታችሁ የመቀየሪያውን ሶኬቶች በግራም በቀኝም በመብራቱና በመኪናው ሽቦ መሃል ሰኩ።

3. ነጩን ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር እሰሩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ ብረቱ ብልጭ እስኪል አጽዱት። ብሎኑን አጥብቃችሁ ከላይ ግሪስ ቀቡት፤ ዝገት ይከላከላል። እኔ አንድ ቅዳሜ ሙሉውን አምፖል ስቀያይር ዋልኩ። የግራ ፍሬቻ ሳበራ ሁለቱም ጎን ደብዘዝ ብሎ ይርገበገብ ነበር። ለካ የተሳቢው ማሳ የታሰረው ቀለም ላይ ነው! መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በሌላው አምፖል በኩል እየዞረ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ አምፖሉን ሳልነካ መጀመሪያ ነጩን ሽቦ አያለሁ።

4. መቀየሪያው ከባትሪ በቀጥታ ኃይል የሚወስድ ከሆነ ሽቦውን እስከ ሞተር ክፍሉ ዘርጉ። ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫው) እና ከሚሽከረከር ነገር አርቁት። ፊውዙን አሁን አታስገቡ።

5. ባትሪውን መልሳችሁ እሰሩ፤ ፊውዙን በመጨረሻ አስገቡ።

6. ተሳቢውን ከመቀጠላችሁ በፊት ሶኬቱን በሙከራ አምፖል ፈትሹ። የአምፖሉን ማሰሪያ መኪናው በኩል ባለው ሶኬት ላይ ከውጭ ከሚታየው ፒን ጋር አያይዙ፤ እሱ ማሳው ነው። የኋላ መብራት፣ ግራ ፍሬቻ፣ ቀኝ ፍሬቻ፣ ፍሬን እያላችሁ አንድ በአንድ ሂዱ። ፍሬን ሲረገጥ ቢጫውም አረንጓዴውም መብራት አለባቸው።

ከዚያ ተሳቢውን ሰኩና አንድ ሰው ከኋላ ቁሞ ይይላችሁ። ሽቦው መታጠፊያ ላይ እንዳይወጠር ትንሽ ይርገብ፤ አስፋልት እንዳይነካ ግን እሰሩት።