ቤይትካስተር ሪል ላይ ክር ሲተበተብ፦ እኔን የገላገለኝ መላ

ቤይትካስተር ማለት ስንወረውር ከበሮው አብሮ የሚሽከረከር የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ (ሪል) ነው። በወረወርኩ ቁጥር የሪሉ ክር ከበሮው ላይ ተተብትቦ ያልተበጠረ ፀጉር ይመስላል። ክሩ ጫፍ ላይ የማስረው ዓሣ ማባበያ ደግሞ 10 ሜትር እንኳ አይሄድም። ባስ የሚባለውን ዓሣ ላጠምድ ወጥቼ ሦስት ቀን ሙሉ ክር ስፈታ ዋልኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ክሩን ነበር። ናይለኑን አውጥቼ ብሬድ (የተጎነጎነ ክር) ጠመጠምኩ። ጭራሽ ባሰበት፤ ግማሹን በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት። ቀጥሎ የከበሮውን ሽክርክሪት የሚያዘገየውን የማግኔት ፍሬን እስከ መጨረሻው አጠበቅኩ። መተብተቡ ቀነሰ፣ ግን ማባበያው አፍንጫዬ ሥር ጠብ ይል ጀመር።

መልሱ ለካ ማጥመጃ ዘንጉ ላይ ተጽፏል! ከመያዣው ከፍ ብሎ በትንንሽ ፊደል «10–28 ግራም» ይላል፤ ለዘንጉ የሚስማማው የማባበያ ክብደት ነው። እኔ የማስረው 5 ግራም ነው። ቀላል ማባበያ ይህን ዘንግ አያጎብጠውም፤ አየር ላይም ቶሎ ይዝላል። ከበሮው ግን መሽከርከሩን አያቆምም። ትርፉ ክር መሄጃ አጥቶ እዚያው ይተበተባል።

14 ግራም ስፒነርቤይት (የሚሽከረከር ብረት ያለው ማባበያ) አሰርኩ። ከዚያ ከሪሉ እጀታ አጠገብ ያለችውን ክብ ማጥበቂያ ማባበያው በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ እስኪወርድ ድረስ አላላኋት። መሬት ሲነካ ከበሮውም አብሮ መቆም አለበት። ፍሬኑን መሀል ላይ አደረግኩ። ወርውሬ ማባበያው ውሃ ሊነካ ሲል ከበሮውን በአውራ ጣቴ ያዝኩት። ንጹህ!

5 ግራሟን የፕላስቲክ ትል አልጣልኳትም። አሁን በቀጭን ዘንግና ስንወረውር ከበሮው በማይሽከረከር ስፒኒንግ ሪል ነው የምወረውራት።